ከፍና ዝቅ የሚለው የአሮጌ መኪና መሪ ይወዛወዛል፦ ኮለሙ ይቀየር ወይስ ይጠገናል?

ቀይ ፒካፕ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ የአሜሪካ ሥሪት ፒካፕ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1980ዎቹ። መሪዋ ከፍሬቻው ዘንግ አጠገብ ባለች ትንሽ እጀታ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መሪውን ይዤ ወደ ላይ ስገፋው ይነሣል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይሄዳል። ጎማው አብሮ አይዞርም፤ የሚንቀሳቀሰው መሪው የተቀመጠበት ራስ ነው። ስወጣና ስገባ መሪውን ደገፍ ካልኩ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው። እጀታዋን ስቤ ሌላ ደረጃ ላይ ብቆልፈውም ለውጥ የለም። ኮለሙ (የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ቱቦ ከነራሱ) እንዳለ መቀየር አለበት ወይስ የሚጠገን ነገር ነው? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የማታ ሹፌር
ወንድሜ፣ ጥገናው ይደርሳል፤ መጀመሪያ መኪናዋን አቁማት። ጉድጓድ ስትመታ ወይም ድንገት ፍሬን ስትይዝ ሰው ሳያስበው መሪው ላይ ይደገፋል። ያኔ የመሪው ራስ ከቦታው ሸርተት ካለ መኪናዋን መልሰህ ለመያዝ የምታጠፋው ጊዜ ነው የሚያሳስበኝ።

ጥርስ ቁልፍ
እውነት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ምኑ እንደላላ ለይ፤ "መሪ ላላ" የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። አንድ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ ያወዛውዝልህ፣ አንተ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብተህ እጅህን የኮለሙ ቱቦ ላይ አድርግ። ቱቦው ራሱ ከመሪው ጋር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ችግሩ ኮለሙን ከዳሽቦርዱ ጋር የሚያስሩት ዳዶዎች ወይም እግር አካባቢ ያለው ማሰሪያ ነው፤ ያ ቀላሉ ነው። ቱቦው ጸጥ ብሎ የመሪው ራስ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ መሪው ከፍ ዝቅ የሚልበት መታጠፊያ ውስጥ ነው። መሪው ትንሽ ዞሮ ጎማው የማይከተል ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ ክሮቼራው (ዘንጉን የሚያጣጥፈው መገጣጠሚያ)፣ ከስቲሪንግ ቦክሱ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ሳጥን) በላይ ያለው የላስቲክ መጋጠሚያ፣ ቦክሱ ራሱ ወይም ቴስቲኒዎቹ (ከጎማው ጋር የሚያገናኙት የዘንግ ጫፎች)። እነሱን ከዚህኛው ጋር አትቀላቅል።

ቀይ ፒካፕ
አሁን አየሁት። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ቱቦ ንቅንቅ አይልም፣ ዳዶዎቹም ጠብቀዋል። የፍሬቻው ቤት ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን መሪውን ወደ ላይ ስገፋ ከሥር በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል፤ ስለቀው ይዘጋል። በጎንም እንደዚያው።

አባ ክሮቼራ
ልጄ፣ ያየኸው ምልክት በደንብ የታወቀ ነው። ኮለሙን አትቀይር። በውስጡ አራት ብሎኖች አሉ፤ እነሱ ናቸው የላሉት።

አሠራሩን ልንገርህ፣ ከዚያ ሥራው ይቀልሃል። ይህን ዓይነት ኮለም የሠራው የጄኔራል ሞተርስ የሳጊናው ክፍል ነው፤ ለሌሎች መኪና አምራቾችም ይሸጥ ስለነበር በብዙ ዓይነት መኪና ላይ ታገኘዋለህ። ታችኛው ቱቦ ጫፍ ላይ አንድ ተሸካሚ ብረት በአራት ብሎን ይታሰራል። መሪውን የያዘው ላይኛው ቤት ደግሞ በግራና በቀኝ በሚገቡ ሁለት አጫጭር ፒኖች በዚያ ብረት ላይ ይንጠለጠላል። ከፍ ዝቅ የሚለው በእነዚህ ፒኖች ላይ ነው። ያለበት ቦታ ላይ ቆልፈው የሚያቆሙት ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች ናቸው፤ እጀታዋን ስትስብ እነሱ ከጥርሱ ይላቀቃሉ። ትልቁ ሞላ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

አሁን ከዚህ ተነሥተህ ለይ። በአቅጣጫው ሁሉ የሚወዛወዝና በየትኛውም ደረጃ የማይጠብቅ ከሆነ አራቱ ብሎኖች ናቸው። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሄድ፣ ወይም አንዳንዴ ሳይነኩት ደረጃውን ለቆ የሚወርድ ከሆነ ጥርሳሞቹ ብረቶች ተበልተዋል። በጎን ብቻ ከሆነ ፒኖቹን ወይም ፒኖቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ጠርጥር። ያንተ የመጀመሪያው ነው።

ብሎኖቹ የሚላሉት ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ መሪውን እንደ መያዣ ስለሚስቡት ነው። ይህ ሁሉ ክብደት ለዓመታት እነዚያ አራት ትንንሽ ብሎኖች ላይ ነው የሚያርፈው። አንዱ መላላት ሲጀምር ጭነቱ ወደ ሦስቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መላላቱ ይፈጥናል።

ነጭ ዳዶ
ይህን ያህል ከሆነ ታዲያ ለምን ይፈታል? እኔ የማውቃቸው ሰዎች መሪውን ደስ የሚላቸው ቁመት ላይ አድርገው መታጠፊያውን በብየዳ ነጥብ ነጥብ አስይዘውት ነው የሚነዱት። ከፍ ዝቅ ማለቱ ይቀራል እንጂ ይጠብቃል።

አባ ክሮቼራ
ይህን ምክር አልቀበልም፣ ማንም እንዳይቀበለውም እለምናለሁ። በመጀመሪያ ያ ቤት ብዙውን ጊዜ የብረት ሳይሆን ቀለል ያለ ውሕድ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ብየዳ በወጉ አይይዘውም፣ ይሰነጥቀዋል እንጂ። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ይህ ኮለም በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ሆኖ የተሠራ መሆኑ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ይህን ዓይነት ተሰብሳቢ ኮለም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1967 ሞዴሎቹ ላይ አስገባ፤ ከ1968 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች የሹፌሩን ደረት ከመሪ የሚጠብቅ ደንብ ሕግ ሆነ። ከዚያ በፊት ሰው በፊት ለፊት ግጭት ዘንጉ ደረቱን ወግቶት ይሞት ነበር። የብየዳ ሙቀት ዘንጉና ቱቦው ውስጥ ያሉትን የፕላስቲክ ማያያዣዎች ያቀልጣል። ያኔ ያንን መከላከያ በገዛ እጅህ አበላሸኸው ማለት ነው።

ጥርስ ቁልፍ
ከአባ ጋር ነኝ። በዚሁ አጋጣሚ፦ መሪውን ሲነቅሉ ዘንጉን ጫፉ ላይ በመዶሻ የሚመቱ አሉ። የዘንጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ሆነው በፕላስቲክ ፒን ነው የተያዙት። መዶሻው ያንን ይሰብረዋል፣ ዘንጉ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ መሪው ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ይጀምራል። በመንቀያ ብቻ ነው የሚነቀለው። ከዳሽቦርዱ ሥር ያሉት ማሰሪያዎችም በግጭት ጊዜ እንዲላቀቁ የታሰቡ ናቸው፤ ሮንዴላ እየደራረባችሁ ወይም በሌላ ብሎን እየተካችሁ አታጠንክሯቸው።

ነጭ ዳዶ
ገባኝ። ስለ ግጭቱ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። አመሰግናለሁ።

ቀይ ፒካፕ
አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ልፈታው ነው። ምን ምን መሣሪያ ልያዝ? ደግሞ ከየት ነው የሚጀመረው?

ሰማያዊ ጋቢና
ይህን ሥራ የሠራሁት ሴት ነኝና መሣሪያውን እኔ ልንገርህ፤ ትክክለኛው መሣሪያ ከሌለ ሥራው ራሱ ይቆማል። የመሪ መንቀያ ያስፈልግሃል። የመቆለፊያ ሳህኑን ወደ ታች የሚጫን መሣሪያ ያስፈልግሃል። ለአራቱ ብሎኖች ደግሞ ራሳቸው በኮከብ ቅርጽ ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ ተራ ቡሶላ አይይዛቸውም፤ ኢ ስምንት የሚባለው የቶርክስ ቡሶላ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን አስገድደህ ብትሞክር ጫፋቸውን ትበላዋለህ፣ ከዚያ ማን ያወጣቸዋል?

ለፒኖቹ የሚሆነውን ግን ራስህ መሥራት ትችላለህ። ፒኖቹ መሃላቸው ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አላቸው፤ ልኩ ቁጥር ስምንት ሆኖ በኢንች 32 ጥርስ ነው። የሚሊሜትር ብሎን አይገባም፣ አታስገድደው። ልኩን ብሎን አግኝና ዳዶ አግባበት፣ ሮንዴላ ጨምር፣ ከዚያ ከፒኑ የሚሰፋ አጭር የቱቦ ቁራጭ ወይም ቡሶላ ፒኑ ላይ አስቀምጠህ ብሎኑን በመሃሉ ፒኑ ውስጥ አጥብቅ። ዳዶውን ስታዞር ፒኑ ወደ ቡሶላው ውስጥ ይሳባል። ቀስ በል። ብሎኑ ፒኑ ውስጥ ቢሰበር ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚበልጥ ሥራ ነው የሚመጣብህ።

ፍሬቻ
ኤርባግ ያላት መኪና ላይስ እንዲሁ ነው? የእኔ የ1990ዎቹ አጋማሽ ናት፣ ምልክቱ አንድ ዓይነት ነው።

ሰማያዊ ጋቢና
ውስጡ ብዙም አይለይም፣ መግቢያው ግን ይለያል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺ፣ ከዚያ የመኪናሽ መመሪያ የሚለውን ያህል ጊዜ ጠብቂ፤ ባትሪው ቢፈታም የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል። ኤርባጉን አውጥተሽ ስታስቀምጪ ሽፋኑ ወደ ላይ ይሁን፣ ፊቱን ወደ መሬት አትድፊው፤ ሽቦውንም በኦም መለኪያ አትንኪው። ከመሪው ጀርባ እንደ ሪባን የተጠቀለለ ሽቦ ያለበት ክብ ነገር ታገኛለሽ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገሽ አውጪውና እንዳይዞር በፕላስተር እሰሪው። ዞሮ ከተገጠመ መሪው ሲጠመዘዝ ሽቦው ይበጠሳል። ወንድ ከሆንክም ይቅርታ፣ ምክሩ ያው ነው።

ፍሬቻ
ሴት ነኝ እህቴ፣ ተባረኪ።

አባ ክሮቼራ
ለቀይ ፒካፕ አካሄዱን ልጻፍልህ። በየደረጃው በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ ስትመልስ የሚረዳህ እሱ ነው።

ባትሪውን ፍታ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ። የክላክሱን መሸፈኛ አንሥተህ የመሪውን ዳዶ ፍታ፣ ዘንጉና መሪው ላይ ትይዩ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ በመንቀያ ንቀል። ከሥሩ ክብ ሳህን ታያለህ፤ ቁልፍ ሲወጣ መሪውን የሚቆልፈው እሱ ነው። ከሥሩ ጠንካራ ሞላ ስላለ በመሣሪያው ተጭነህ ዘንጉ ላይ ያለችውን ቀጭን ቀለበት አውጣ። መነጽር አድርግ፤ ይህችን ቀለበት ፊታቸው ላይ የተቀበሉ ሰዎች አሉ። ስትመልስ አዲስ ቀለበት አግባበት፣ የድሮዋ ተጣምማለች።

ቀጥሎ የፍሬቻውን ዘንግና አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ጊዜ የሚያበራውን ጉብ አውጣ፣ የፍሬቻውን ማብሪያ ሦስት ብሎን ፍታና ሽቦውን ሳትቆርጥ ወደ ላይ ሳበው። የማስነሻ ቁልፉን ሲሊንደር ከማውጣትህ በፊት አጠገቡ ያለችውን ትንሽ የደወል ማገናኛ አውጣ። እሷ ወደ ታች ወደ ኮለሙ ውስጥ መውደቅ ትወዳለችና ቀዳዳውን በጨርቅ ድፈን። ማርሽህ መሪው ላይ ከሆነ የማርሹን ዘንግ የያዘውን ፒን አስቀድመህ አውጣው።

አሁን ቤቱን ወደ መጨረሻው ከፍታ አንሣው። ትልቁ ሞላ ጉልበቱ የሚቀንሰው እዚያ ነው። የሞላውን መያዣ ወፈር ባለ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ወደ ውስጥ ተጭነህ ወደ ግራ ስታዞረው ይለቃል፤ በእጅህ እየያዝክ ቀስ ብለህ ልቀቀው። ከዚያ ሁለቱን ፒኖች እህታችን ባለችው መንገድ ሳብ። የማስተካከያውን እጀታ መልሰህ ግጠምና እየሳብከው ቤቱን ወደ ላይ አንሣ፤ ካልሳብከው ጥርሶቹ ይይዙታል።

ቤቱ ሲወጣ ዘንጉ መታጠፊያው ላይ ዘንበል ይላል። አብዝተህ አትጠፈው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ኳሶች አልፎ ከታጠፈ ይወጣሉ። እነሱ ራሳቸው ተበልተው ከሆነ ግን አሁኑኑ ቀይራቸው፣ ተመልሰህ እዚህ ለመድረስ አትፈልግም። አራቱ ብሎኖች ከዚህ በኋላ ፊት ለፊትህ ናቸው።

ጥርስ ቁልፍ
አንድ ነገር ልጨምር። ብሎኖቹን እንዳሉ አጥብቆ መሄድ ተመልሶ መላላት ነው። አንድ በአንድ አውጣቸው፣ ጥርሳቸውንም ቀዳዳውንም ከግራሶ በሚያጸዳ ፈሳሽ እጠብ፣ ይድረቅ። ከዚያ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አድርግ። ቀዩን አይደለም፤ እሱን ለመፍታት እሳት ይጠይቃል፣ እዚያ ደግሞ እሳት አይገባም። አራቱንም በእጅ ካስገባህ በኋላ በመስቀል አቅጣጫ ተራ በተራ አጥብቅ። ብሎኖቹ ትንሽ ናቸው፣ የሚገቡበት ብረትም ለስላሳ ነው፤ መመሪያው ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) እንጂ በጉልበት አይደለም። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ነውና ዛሬ አጥብቀህ ዛሬ መሪው ላይ አትንጠልጠል።

የማታ ሹፌር
ማጣበቂያው ኩሽኔታው ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ። ጠብታ ይበቃል።

ቀይ ፒካፕ
ፈትቼ አየሁት፣ አባ እንዳሉት ነው። አንደኛው ብሎን ጭራሽ ከጥርሱ ወጥቶ ተሸካሚው ብረት ላይ ተጋድሟል፤ ራሱ አንድ ጎኑ ከቤቱ ጋር እየተፋተገ አብረቅርቆ እንደ መስታወት ሆኗል። ቀጭ የሚለው ድምፅ የእሱ ነበር። ሁለቱ በጣት የሚዞሩ ናቸው። አራተኛው ብቻ ትንሽ ይዟል፤ መሪውን የያዘልኝ እሱ ብቻ ነበር ማለት ነው። ብሎኖቹ የተቀመጡበት ብረት ላይ ስንጥቅ ፈልጌ አላገኘሁም። የጥርሳሞቹ ብረቶች ጫፍ ግን አንዱ ከሌላው ትንሽ የተጠረበ ይመስላል። ይቀየሩ?

አባ ክሮቼራ
ቀይራቸው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። የያዛቸውን ፒንና ትንንሾቹን ሞላዎች እንዴት እንደተቀመጡ አይተህ ነው የምታወጣው። ጥርሶቹ የሚይዙበትንም ቦታ በጣትህ ዳስሰው፤ ተበልቶ ካገኘኸው አዲሶቹንም ቶሎ ይበላቸዋል። ያ አንጸባራቂ ብሎን ደግሞ ተመልሶ እንዳይገባ፤ ጥርሱ ተበልቷል። አራቱንም በልካቸው አዲስ ተካ፣ ከዚያው ከመኪናዋ ዓይነት።

ሰማያዊ ጋቢና
ስትመልስ ቁልፉን አትርሳ! ቤቱ ውስጥ የማስነሻ ቁልፉ የሚያንቀሳቅሰው ጥርሳም ዘንግ አለ። አንድ ጥርስ ተሳስቶ ከገባ ቁልፉ ይዞራል መኪናው ግን አይነሣም፣ ወይም ተነሥቶ አይጠፋም። ስለዚህ መሪው ከመገጠሙ በፊት ሲሊንደሩን አስገብተህ ቁልፉን ከመቆለፊያው እስከ ማስነሻው ድረስ አዙረው፣ ተመልሶ መምጣቱንም እይ። መሪውንም በሁሉም ደረጃ ከፍ ዝቅ አድርገህ ሽቦዎቹ አንድም ቦታ ተቆንጥጠው እንዳልቀሩ ተመልከት። ሽቦው መታጠፊያው ላይ ከተያዘ በኋላ በአንድ የመሪ ቁመት ብቻ ፊውዝ ይቆርጣል፣ ምክንያቱን ማግኘት ደግሞ ያሰለቻል።

ጥርስ ቁልፍ
የመሪው ዳዶ በዚህ ዓይነት ኮለም ላይ ባብዛኛው ከ40 እስከ 47 ኒውተን ሜትር ነው። መመሪያህ ሌላ ካለ መመሪያህን እመን።

ቀይ ፒካፕ
አዳዲሶቹ ብሎኖችና ብረቶች ገብተዋል፣ ማጣበቂያውም ደርቋል። የመሪው ራስ አሁን በሁለት እጄ ብስበው ንቅንቅ የለም፤ ክፍተቱ ተዘግቷል፣ እጀታዋን ስለቅ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ብቻ ሰጥቶ ይቆለፋል። ቁልፉም ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ወደ ቀኝ ታጥፌ ስመለስ ፍሬቻው ራሱ አይጠፋም፣ በግራ ግን ይጠፋል። ክላክሱ ይሠራል።

ሰማያዊ ጋቢና
እንኳን ደስ ያለህ! ፍሬቻውን የሚመልሰው ከመቆለፊያው ሳህን ጋር ያለው የፕላስቲክ ክብ ነው። ማብሪያው ወደ አንድ ጎን በርቶ እያለ ክቡ ከተገጠመ የቀኙ ወይም የግራው ትንሽ ሞላ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። መሪውን ብቻ መልሰህ ንቀል፣ ታችኛውን አትንካ። ማብሪያውን መሃል ላይ አድርግና ቀኙን በጣትህ ገፋ አድርገው፤ ተመልሶ ከመጣ ሞላው ደህና ነው፣ ሳህኑን እንደገና አስቀምጥ። ካልመጣ ማብሪያው ይቀየራል።

ቀይ ፒካፕ
ሞላው ታጥፎ ነበር፣ አልተሰበረም። በቀጭን ፒንሳ አቅንቼው ሁለቱም በኩል ይመልሳል። ለአባ ክሮቼራ፣ ለእህቴና ለሁላችሁም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። የድሮዎቹን ብሎኖች ፎቶ ከታች አያይዣለሁ፤ የወጣውን ከያዘው ጋር አስተያዩት፣ መኪናችሁም ቀጭ ማለት ከጀመረች ሳትዘገዩ ክፈቷት።